ጳጉሜ የሌለበት ፎርም

ታዴ፣ ሆዴ፣

ከተለያየን ዛሬ አሥር ወር ከሃያ ስድስት ቀን ሆነን። ልጃችን ሕሊና «ማሚ፣ አሥር ወር ከሃያ አራት ቀን ነው» እያለች ታርመኛለች። እሷ መቁጠር የምትጀምረው ከመስከረም አንድ ነው፤ አንተ ከሄድክ በኋላ የነበሩትን ሁለቱን የጳጉሜ ቀናት ትዘላቸዋለች። እንደ ቤት አከራይ ሆናልሃለች፣ ጳጉሜን ከቁጥር አታስገባም። እኔ እንዴት ልዝለላቸው? እነዚያን ሁለት ቀናት ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሰዓት በሰዓት ነው ያሳለፍኳቸው።

ይህን የምጽፍልህ ከመጋረጃ ሱቃችን፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ነው። ውጭ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው፤ ደንበኛም የለ። ዛሬ ጠዋት የአንተን ግብር አሳወቅኩ። ራሴ ሞልቼ ራሴ ላክኩት። እሱን ልንገርህ ብዬ ነበር የተቀመጥኩት፤ ነገሩ ግን በአንድ ቃል የሚያልቅ አልሆነም። መጀመሪያ ስለ ቤታችን ልንገርህ።

ፊት ለፊታችን የነበረው ጅምር ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ደርሷል። ሠራተኞቹ ብሎኬት እየተቀባበሉ ቁልቁል ቤታችንን ያዩታል፤ የእኛ መስኮት ላይ ደግሞ ያቺው አበባ ያለባት አሮጌ አንሶላ በሲባጎ ታስራ ተንጠልጥላለች። ወደ ሩዋንዳ ሰፈር የሚወስደው መንገድ እንደገና ተቆፍሮ እንደገና ተደፍኗል። ሕሊና ሥራ ይዛለች። እዚያው ሩዋንዳ አካባቢ ቢሮ ገብታ፣ አንገቷ ላይ መታወቂያ አንጠልጥላ ስትወጣ ብታያት እንዴት እንደምትኮራባት! የመጀመሪያ ደመወዟን የተቀበለች ቀን ፖስታውን አምጥታ አንተ ትቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ሁለታችንም እራት ሳንበላ ተኛን።

ሥራው እንደነበረ ነው። ኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት ሰው ዛሬም በመጀመሪያ ቁልፉን፣ ቀጥሎ እኛን ነው የሚፈልገው። መስኮት የሚለካልኝ ሰው ስላጣሁ ሜትሩን አንገቴ ላይ ጥዬ ራሴ እወጣለሁ። ባለፈው ወር አባቴ ጤፍ ይዘራበት በነበረው መሬት ላይ የቆመው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ ለክቼ መጣሁ። አንተ ያን ጊዜ እዚያ ስትለካ ውለህ መጥተህ «ያባትሽን ማሳ በሜትር ጨረስኩት» ብለህ የቀለድከው ትዝ ብሎኝ፣ ያስለካችኝ ሴትዮ ፊት ስስቅ ቆይቼ ደረጃው ላይ አለቀስኩ። መደርደሪያው ላይ ደግሞ አንድ ባለቤት ያጣ ጥቅል ጨርቅ አለ። ስለ እሱ ኋላ እነግርሃለሁ።

አሁን ወደ ግብሩ ልመለስ። ሁሌ ሐምሌ ሲገባ አንተ ሌላ ሰው ትሆን ነበር። ዓመቱን ሙሉ ሚስማሩ ላይ የሰካሃቸውን ደረሰኞች ታወርድና፣ መነጽርህን አፍንጫህ ጫፍ ላይ አድርገህ፣ መጀመሪያ በእርሳስ ቀጥሎ በእስክሪብቶ ትሞላለህ። አጠገብህ መተንፈስ ክልክል ነው። «ለምን ሒሳብ ሠራተኛ አይሠራልህም?» ስንልህ የምትመልሰውን ሱቁ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል፤ «የራሴን ግብር ሌላ ሰው ከሞላልኝ ንስሐዬንም ሌላ ሰው ይግባልኝ» ትል ነበር። ለቤት የተገዛች አንዲት አምፖል እንኳ ከሱቁ ወጪ ጋር አትቀላቀልም። ሳሙና ገዝቼ ደረሰኙን ሚስማሩ ላይ በመሰካቴ ግማሽ ቀን ያኮረፍከኝን አልረሳሁም።

ዘንድሮ ግብር ቢሮ ስሄድ ወረቀት የለም ተባልኩ። በኦንላይን ነው፣ ሶፍትዌሩን እርስዎ ይመርጣሉ አሉኝ። መስኮቱ ጋ የነበረችው ልጅ ደግ ናት፣ ቀስ ብላ ነው ያስረዳችኝ። ፈቃዱ በአንተ ስም ስለሆነ ይህን የመጨረሻውን ዓመት በአንተ ስም አሳውቄ፣ ያረፍክበትን ቀን ሞልቼ፣ የምስክር ወረቀቱን አያይዤ፣ ከዚያ ሱቁ ወደ እኔ ይዞራል። «የሞቱበትን ቀን በትክክል ይሙሉ እናቴ» አለችኝ። ታዴ፣ ከዚያ ወዲያ የተናገረችውን አልሰማሁም። አሥር ወር ሙሉ ለአንድም ሰው በቃሌ «ሞተ» ብዬ አላውቅም። ደንበኛ «ባለቤትሽስ?» ሲለኝ «የለም» ነው የምለው። የለም ሲባል ወጣ ብሎም ይሆናል።

ሕሊና ቢሮዋ የሚያሠራ የሒሳብ ሰው ላምጣልሽ አለች። «ማሚ፣ በሁለት ቀን ፊኒሽ ያደርግልሻል፣ አንቺ ምን ያስጨንቅሻል?» አለችኝ። እምቢ አልኩ። የማላውቀው ሰው ሚስማርህን አውርዶ የእጅ ጽሑፍህን ሲያገላብጥ ቆሜ ልየው? ንስሐህን ማን ይግባልህ ልበለው? እንግዲያው ምረጪ ብላ ሦስት ሶፍትዌር ላፕቶፗ ላይ ከፈተችልኝ።

እንዴት እንደመረጥኩ ብነግርህ ትስቃለህ። ጨርቅ እንደምንመርጥ አድርጌ ነው። አዲስ ጨርቅ ሲመጣ ከጫፉ ቆርጠን ውሃ ውስጥ እንነክርና ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ፣ ያጥር እንደሆነ እናይ የለ? እኔም ሙሉውን ሒሳብ ከማስገባቴ በፊት የአንተን ስም፣ አንድ ደረሰኝና አንድ ቀን እያስገባሁ ሞከርኳቸው።

የመጀመሪያው ዋጋው ውድ፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነበር። የመጀመሪያ ስም ይላል፣ ታደሰ። የመጨረሻ ስም ይላል፣ በቲን ካርድህ ላይ በመጨረሻ የተጻፈው ወልደየስ ነው፤ እሱን ጻፍኩ። ወዲያው «ውድ አቶ ወልደየስ፣ እንኳን ደህና መጡ» የሚል መልእክት መጣልኝ። አያትህን ነው ታዴ! በሬ ከመጥመድ ሌላ የማያውቁትን፣ አንድም ቀን ግብር በጽሑፍ አሳውቀው የማያውቁትን ሰውዬ ከመቃብር አስነስቶ ሰላም አላቸው። በማግሥቱ ደግሞ «አቶ ወልደየስ፣ ፎርምዎን ሳይጨርሱ ወጥተዋል» ብሎ ወቀሳቸው። ሕሊና ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ካንተ በኋላ በቤታችን የተሳቀው ያን ቀን ነው። ሥርዓት ነውና ተሰናበትኳቸው።

ሁለተኛው ነፍስ ነው። አማርኛው የጠራ፣ መልኩ የሚያምር፣ ዋጋ የማይጠይቅ። የመገናኛ ነጋዴዎች ሁሉ እሱን ነው የሚጠቀሙት አሉ። ስምህን ሰጠሁት፣ እንዳለ ተቀበለኝ። ደረሰኙንም ተቀበለኝ። ወደ ቀኑ ደረስኩ። «ፈቃድ ያዡ ያረፉበት ወር» ይላል፤ ስትነካው ወሮቹ ይዘረዘራሉ። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር እያልኩ ወረድኩ። ነሐሴ ላይ ቆመ። ደግሜ ከላይ ጀመርኩ። ነሐሴ ላይ ቆመ። አንተ የሞትክበት ወር የለም።

ለሶፍትዌሩ አዘጋጆች ስልክ ደወልኩ። አንዲት ትሕትና ያላት ልጅ አነሳችው። ጳጉሜ የለችም ብላት አላፈረችም፣ «እናቴ፣ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ደርበናት ነው፤ ነሐሴ ሠላሳ ብለው ይሙሉት፣ ለሒሳቡ ለውጥ የለውም» አለችኝ። ለሒሳቡ አዎ፣ ለውጥ የለውም። ሰላሳ ዓመት በንግድ ኖሬ ይህ አይጠፋኝም። ስልኩን ዘጋሁና ጣቴን ነሐሴ ሠላሳ ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ። አልቻልኩም። ነሐሴ ሠላሳ እኮ በሕይወት ነበርክ። ሦስት ቀን ቀድሜ እኔው በጣቴ ልግደልህ?

ነሐሴ ሠላሳ ማታ የሱቁን መዝጊያ ቁልቁል ስበህ፣ ቁልፉን ኪስህ ጨምረህ፣ «እንኳን ለጳጉሜ አደረሰሽ» አልከኝ። በየዓመቱ ትላታለህ፣ በየዓመቱ እስቃለሁ። የዓለም ሰው ለአዲስ ዓመት እንኳን አደረሰህ ይባባላል፤ አንተ ብቻ ለጳጉሜ። የቤት ኪራይ አይጠየቅባትም፣ ደመወዝ አይከፈልባትም፣ «እግዜር ዓመቱን ለክቶ ሲጨርስ ከላዩ የጨመረልን ምርቃት ናት፤ ምርቃት ደግሞ አይሸጥም» ትል ነበር። ጨርቅ ነጋዴ ለክቶ ሲያበቃ ከላይ ስንዝር እንደሚጨምረው ማለትህ ነው። ሕጉ ደግሞ የአንተ ነበር። ደንበኛ አበባዮሽ ሳይዘፈን መስኮቴ ይሸፈን ብሎ ቢለምን፣ እጥፍ ልክፈል ቢል፣ ጳጉሜ ውስጥ መቀስ አይነሳም። እነዚያን አምስት ቀናት እንተኛለን፣ ዘመድ እንጠይቃለን፣ ዓመቱን ሙሉ በስፌት መኪና ጩኸት ያልተሰማማነውን እንሰማማለን። ትዳራችን የኖረው በእነሱ ነው ብል አላጋነንኩም።

ስለዚህ ሁለተኛውን ዘጋሁት። ሕሊና ተቆጣችኝ። «በአምስት ቀን ምክንያት ነጻውን ትተሽ?» አለች። አባትሽ ያለው እዚያ ውስጥ ነው አልኳት። ሦስተኛውን ራሷ አመጣችልኝ።

ሦስተኛው አስቀያሚ ነው ታዴ፣ አልዋሽህም። ቀለሙ የጤና ጣቢያ ግድግዳ ይመስላል፤ አንድ ገጽ ለመክፈት እስኪያስተኛ ድረስ ያስጠብቃል፤ ክፍያም አለው። ወሮቹን ዘረዘርኩ። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ። ከነሐሴ በታች፣ ጥግ ላይ፣ ጳጉሜ። አንድ የማላውቀው ሰው የሆነ ቦታ ተቀምጦ ይህቺን ቃል ሳይረሳ ጽፏታል። እግዜር ይስጠው። እዚያው ከፈልኩ።

አንድ ሳምንት ሙሉ ደረሰኞችህን እያወረድኩ አስገባሁ። ሌሎቹ ወሮች ሁሉ ሞልተው ጳጉሜ ላይ ስደርስ ሶፍትዌሩ ቀይ ምልክት አወጣና ጠየቀኝ። «በዚህ ወር የተደረገ የንግድ ግዢ ወይም ሽያጭ አለ? አለ። የለም።» በኩራት «የለም» ልል ጣቴን ሰደድኩ። ከዚያ ጳጉሜ ሁለት ትዝ አለችኝና እጄ ቀረ።

አንተ ታውቀዋለህ፣ እኔ ግን መናገር አለብኝ፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅምና። ያን ቀን ምሳ በልተን እንደጨረስን ቡናማ ኮትህን ለበስክ። የት ነው ስልህ «አንድ ባለቤት መጋረጃ መጋረጃ እያሉ እንቅልፍ ነስተውኛል፤ ጨርቃቸውን ገዝቼላቸው ልምጣ» አልከኝ። ፈገግ ብለህ ነበር። በጳጉሜ! የራስህን ሕግ! ደሜ ፈላ። ለሰው መስኮት ብለህ የእግዜርን ምርቃት ልትመልስ ነው አልኩህ። ለዓመታት ችዬ የሰማሁህን ሁሉ ጨምሬ ነው የተናገርኩት። አንተ ያችው ፈገግታህ ከንፈርህ ላይ እንዳለች ወጣህ። ሲመሽ ዝናብ ደብድቦህ መጣህ። እራትህን ከድኜ አስቀምጬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ጠበቅኩህ። «አስኩ» አልከኝ፣ ዝም አልኩ።

በማግሥቱ ሩፋኤል ነው። ገና በጠዋቱ ዝናቡ ወረደ። በየዓመቱ ሁለታችን ግቢው መሀል ወጥተን፣ እንደ ልጅ ፊታችንን ሰጥተን የምንጠመቅበት ዝናብ። ከውጭ ጠራኸኝ። «አስኩ፣ ነይ እንጂ፣ ጠበሉ ሳያልፍሽ» አልክ። ነቅቼ ነበር ታዴ። ዓይኔን ጨፍኜ የተኛሁ መሰልኩ። ሁለቴ ጠራኸኝ፤ ሁለተኛው ላይ ድምፅህ ዝቅ ብሎ ነበር። ብቻህን ቆመህ፣ ብቻህን ተጠምቀህ ገባህ። «ብርድ ብርድ አለኝ» ብለህ አልጋው ጫፍ ላይ ስትቀመጥ ተነስቼ ሻይ አፈላሁና ያለ ቃል አጠገብህ አስቀመጥኩት። ሻዩን ሳትነካው ደረትህን ያዝክ። ጎረቤት መኪና አውጥቶ ሲወስደን፣ ሐኪም ቤት ሳንደርስ፣ ራስህ እዚህ ጭኔ ላይ ነበር። ስምህን እየጠራሁ ነበር። አሁን ደግሞ አንተ አልመለስክልኝም።

ከሰልስት በኋላ፣ ሱቁን ከፍቼ ስገባ ጠረጴዛው ላይ አንድ ጥቅል ጨርቅ ተቀምጧል። ነሐሴ ሠላሳ ስንዘጋ አልነበረም። የጎመን አበባ የመሰለ ቢጫ፣ ከውስጥ የሚሆን ስስ ነጭም አለው። እንደ ልማድህ ወረቀት በስፒል ሰክተህበታል። ሌላ ጊዜ «ለወይዘሮ እንትና፣ ሰሚት» እያልክ ትጽፋለህ፤ እዚህ ላይ ግን «ለባለቤት» ብቻ ነው ያልከው። ይኸው፣ የተጣላንበት ጨርቅ፣ አልኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ጠላሁት። አንተን በመጨረሻዋ ቀን ከእኔ የወሰደ ጨርቅ አድርጌ ነው ያየሁት። ግን የሰው ገንዘብ ነውና ባለቤቱን መፈለግ ጀመርኩ። በደብተርህ ላለው ደንበኛ ሁሉ ደወልኩ። ከገርጂ እስከ ሲኤምሲ «ጨርቅ አዝዘው ነበር?» እያልኩ ጠየቅኩ። የእኔ ነው ያለ ጠፋ። በግንቦት አንዲት ሴትዮ ወድዳው ልግዛው ብላ ለመነችኝ፤ ልሸጥላት ለትንሽ ነው የተረፍኩት። ባለቤቱ ቢመጣስ ብዬ ተውኩት።

እንግዲህ ሶፍትዌሩ በጳጉሜ ግዢ አለ ወይ ብሎ ጠይቆኛል። ጨርቁ በጳጉሜ ተገዝቷል። አንተ ብትሆን «አለ» ብለህ ትሞላለህ፤ ደረሰኝ ደግሞ ያስፈልጋል። ሚስማሩ ላይ የለም። መሳቢያውም ውስጥ የለም። የቀረው አንድ ቦታ ነው። በአርባህ ልብስህን ለነዳያን ስሰጥ ቡናማውን ኮት አልሰጠሁም። ከበሩ ጀርባ በተሰቀለበት፣ ዝናቡ እንደመታው ደርቆ ቀርቷል። አሥር ወር አልነካሁትም፣ በሩን እንኳ ስከፍት በቀስታ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ቤት ገብቼ እጄን ኪሱ ውስጥ ከተትኩ።

ደረሰኙ አራት ቦታ ታጥፏል፣ ጫፉን ውሃ አበላሽቶታል። ቀን፣ ጳጉሜ ሁለት። የዕቃው ዓይነት፣ የመጋረጃ ጨርቅ ሰባት ሜትር ከስሱ ጋር። የገዢ ስም የሚለው ላይ ሁልጊዜ የሱቃችንን ስም ነው የምታስጽፈው፣ ወጪ ሆኖ እንዲያዝ። እዚህ ላይ «ወ/ሮ አስካለ በዳዳ» ይላል። ገለበጥኩት። በእርሳስ፣ በራስህ ጽሑፍ፣ የአንድ መስኮት ልክ አለ። ወርዱን አየሁት፣ ቁመቱን አየሁት። ሜትር ማውጣት አላስፈለገኝም። በየቀኑ አንሶላ የማስርበት መስኮት ነው።

ነሐሴ ውስጥ «የሰው መስኮት ስንሸፍን ኖረን እኛው ገሃድ ወጣን፣ እነዚህ ሠራተኞች ጓዳዬን አዩት» ብዬ ስነጫነጭብህ ሰንብቼ ነበር። መጋረጃ መጋረጃ እያልኩ። ለአንዲት የገርጂ ደንበኛ ቢጫ ጨርቅ ስሰፋም «ይህን የመሰለ ቢኖረኝ» ያልኩትን ሰምተሃል። እንቅልፍ የነሳሁህ ባለቤት እኔ ነኝ። አንቱ ብለህ ደበቅከኝ ታዴ! በሃያ ሰባት ዓመት ትዳር አንድ ቀን አንቱ ብለኸኝ አታውቅም፤ ያችን አንድ ቀን አልከኝና አላወቅኩህም። «ነስታኛለች» ብትል ኖሮ እነቃ ነበር። ፈገግታህ ለምን እንደነበረ የገባኝ ትናንት፣ በአሥር ወሩ፣ ከበር ጀርባ ኮትህን ታቅፌ ቆሜ ነው። ለሰው ሥራ ትቶኝ ወጣ ብዬ ያኮረፍኩት ሰው መርካቶ ድረስ ሄዶ፣ ዝናብ መትቶት፣ የእኔን መስኮት ተሸክሞ እየመጣ ነበር። ያን ማታ «አስኩ» ስትለኝ ምን ልትለኝ እንደነበር አሁን አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ወዬ ብልህ ኖሮ።

ምን ልበልህ? ይቅር በለኝ ማለት ያንሳል፤ ግን ሌላ ቃል የለኝም። ይቅር በለኝ።

ዛሬ ጠዋት ሱቁን ከፍቼ ጥቅሉን ከመደርደሪያው አወረድኩት፣ አጠገቤ አስቀመጥኩት፣ ላፕቶፑን ከፈትኩ። «በዚህ ወር የተደረገ የንግድ ግዢ ወይም ሽያጭ አለ?» ለቤት የተገዛ ከሱቁ ወጪ ጋር አይቀላቀልም፣ ሕጉ የአንተ ነው። «የለም» ብዬ ሞላሁ። ታደሰ በጳጉሜ አልሠራም። ቃሉን አላጠፈም። ይህ አሁን በመንግሥት መዝገብ ገብቷል።

ከዚያ ያን የፈራሁትን ገጽ ከፈትኩ። «የድርጅቱ ባለቤት» ይላል፣ ስምህን ጻፍኩ። ያረፉበት ቀን፣ ጳጉሜ ሦስት። ሞላሁት። ሦስቱንም ቀን ሰጥቼሃለሁ፣ አንድም አልቆረጥኩብህም። በመጨረሻ «ከሟች ጋር ያለዎት ዝምድና» ብሎ ዘረዘረልኝ፤ ልጅ፣ ወላጅ፣ ወንድም ወይም እህት፣ ባለቤት። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ በስልክ ስፈልጋት የነበረችው ሴትዮ እዚህ ተጽፋለች። መረጥኳትና ላክሁት።

ጨርቁን ገና አልቆረጥኩትም። ሐምሌ ነው፣ የሰው ሥራ አለ። ጳጉሜ ስትገባ ሱቁን እዘጋለሁ፤ ለሰው መቀስ አላነሳም። የአንተን ልክ ይዤ፣ እንደምትወደው ለጠርዙ አራት ጣት ትቼ፣ ሽንሽኑን አጥብቄ የራሳችንን እሰፋለሁ። ለእኛ ነውና ሥራ አይባልም፣ አትቆጣም። በጳጉሜ ሁለት ይደርሳል፣ ሕሊና ትሰቅለዋለች። ወረቀትህንም ከስፒሉ አልነቅለውም፣ ከጫፉ በስተጀርባ ሰፍቼ አስቀረዋለሁ። መስኮቱን በከፈትኩ ቁጥር፣ በዘጋሁ ቁጥር አስታውስሃለሁ፤ ዓይኔ እስኪከደን ድረስ።

በሦስተኛው ቀን ለሙት ዓመትህ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዴ በፊት ዝናቡ ይመጣ ይሆናል። ያን ጊዜ ሁለቴ ጠርተኸኝ አልወጣሁም። ዘንድሮ ማንም ሳይጠራኝ እወጣለሁ።

ባለቤትህ፣
አስካለ